መርቻንት ባንክ፦ ከብድር ይልቅ ድርሻ ይዞ የሚመጣ ገንዘብ

አንድ ድርጅት የማስፋፊያ ገንዘብ አጥብቆ የሚፈልግበት ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ ብድር የመክፈል አቅሙ የሚዳከምበት ወቅት ነው። አዲስ የማምረቻ መስመር የሚተክል ፋብሪካ ማሽኑን ገዝቶ፣ ተክሎ፣ ሠራተኛ አሠልጥኖና ገበያ አፈላልጎ ገቢ ማየት እስኪጀምር ድረስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የባንክ ብድር ግን ይህን ያህል አይታገሥም፤ የእፎይታ ጊዜ ቢሰጥ እንኳ ወለዱ እየተጠራቀመ ይጠብቃል። መርቻንት ባንክ የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለ አሠራሩ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ጥሩ ምርትና አስተማማኝ ገበያ ይዘው ሳለ የሚወስዱትን ገንዘብ ዓይነት ባለመለየታቸው ብቻ የሚጎዱ የድርጅት ባለቤቶች ጉዳይ ነው።

ንግድ ባንክ በዋናነት የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው። አስቀማጩ በጠየቀ ጊዜ የመመለስ ግዴታ ስላለበት፣ ተበዳሪውን ሲመዝን የሚያሳስበው ነገር ገንዘቡ በወቅቱ መመለሱና ባይመለስ የሚሸጥ መያዣ መኖሩ ነው። ድርጅቱ አሥር እጥፍ ቢያድግም ባንኩ የሚያገኘው ያንኑ ወለድ ነው፤ ቢወድቅ ግን ዋናውን ሊያጣ ይችላል። መርቻንት ባንክ ከዚህ የሚለየው ከራሱ ካፒታልና አብረውት ከሚሠሩ ትልልቅ ባለሀብቶች በሚገኝ ገንዘብ የድርጅቱን አክሲዮን ስለሚገዛ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው የዛሬው መያዣ ሳይሆን ድርጅቱ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የማማከር፣ የሌሎችን ገንዘብ የማስተባበርና አክሲዮንና ቦንድ ገበያ ላይ የማውጣት ሥራ ይሠራል፤ ለዚህም ኮሚሽን ይቀበላል።

ከኢንቨስትመንት ባንክና ከፕራይቬት ኢኩዊቲ ፈንድ (ከባለሀብቶች ገንዘብ አሰባስቦ የድርጅቶችን ድርሻ ከሚገዛ ተቋም) ጋር ያለው ድንበር ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። በጥቅሉ ሲታይ ኢንቨስትመንት ባንክ የሚያተኩረው አክሲዮናቸው ገበያ ላይ በወጣ ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ሲሆን፣ መርቻንት ባንክ ገና ገበያ ላይ ያልወጡትን መካከለኛ ድርጅቶች ይመርጣል። ፈንድ ደግሞ በተወሰነ ዘመን የሚዘጋ የሌሎች ገንዘብ ነው። የአገሮች ሕግም ሥራውን በተለያየ መልክ ቀርጾታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የግራም ሊች ብላይሊ ሕግ የፋይናንስ ሆልዲንግ ኩባንያዎች (የባንኮች ባለቤት የሆኑ እናት ኩባንያዎች) የፋይናንስ ሥራ በማይሠሩ ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ እንዲይዙ ፈቅዷል፤ በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት ድርሻው በመደበኛው ከ10 ዓመት በላይ አይቆይም፣ የድርጅቱን የዕለት ተዕለት አመራርም መያዝ አይቻልም። በህንድ በአንጻሩ በ1992 የወጣው የሴኩሪቲስ ተቆጣጣሪው ቦርድ ደንብ መርቻንት ባንከርን በዋናነት የሚመለከተው አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብ ሂደቱን የሚመራ፣ ሰነዱን የሚያዘጋጅና የሚያረጋግጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አድርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ተቋም «መርቻንት ባንክ ነኝ» ሲል፣ የራሱን ገንዘብ የሚያስገባ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የዚህ ሥራ መነሻ የነጋዴ ቤቶች፣ ማለትም በቤተሰብ የተያዙ የንግድ ድርጅቶች ናቸው። በ1397 የተመሠረተው የፍሎረንሱ የሜዲቺ ባንክ ገንዘብ ከማዘዋወር ጋር የሱፍና የሐር ሥራም ነበረው። በ1762 በለንደን የተቋቋመው የባሪንግ ቤት ከሱፍ ጨርቅ ንግድ የመጣ ነው፤ በለንደን የሮትሽልድን ባንክ ያቋቋመው ናታን ሮትሽልድም ወደ እንግሊዝ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለማንቸስተር የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ነበር። እነዚህ ቤቶች ከንግድ ወደ ባንክ የተሸጋገሩበት መንገድ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም የዛሬው መርቻንት ባንክ የሚሸጠው ዋነኛ ነገር በዚያ ውስጥ ተገልጦ ይታያል።

አንድ የሊቨርፑል አስመጪ ከአሜሪካ ደቡባዊ ወደብ ጥጥ አዘዘ እንበል። ላኪው ገንዘቡን የሚፈልገው ጥጡ መርከብ ላይ ሲጫን ነው፤ አስመጪው መክፈል የሚችለው ግን ጥጡን ለፈታዮች ሸጦ ነው። በመካከል ሁለትና ሦስት ወራት አሉ፤ ሁለቱ ሰዎችም አይተዋወቁም። ታዲያ ላኪው በአስመጪው ላይ ሳይሆን በለንደኑ መርቻንት ባንክ ላይ የሐዋላ ወረቀት ያወጣል፤ ወረቀቱ ከ90 ቀን በኋላ ይህን ያህል ገንዘብ እንዲከፈል ያዝዛል። ባንኩ ወረቀቱ ላይ መቀበሉን ጽፎ ይፈርማል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወረቀቱ የአንድ የማይታወቅ አስመጪ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ የታወቀ ቤት ዕዳ ይሆናል፤ ላኪው ቀኑ እስኪደርስ ሳይጠብቅ መጠነኛ ቅናሽ አድርጎ ይሸጠውና ገንዘቡን ይወስዳል። አስመጪው ጥጡን ሸጦ ክፍያው ከመድረሱ በፊት ገንዘቡን ለባንኩ ያስገባል፤ ባንኩም ኮሚሽኑን ያስቀራል። ነገሩ ሁሉ በደንብ ከሄደ ባንኩ ከራሱ ካዝና አንዲት ፓውንድ እንኳ አላወጣም። ያዋለው ስሙንና ያንን አስመጪ የማወቅ ችሎታውን ነው፤ የተሳሳተ ሰው ከመረጠ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለው ስም በጊዜው መንግሥታትንም ተሸክሟል። አሜሪካ በ1803 ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስትገዛ፣ ከዚህ ውስጥ 11.25 ሚሊዮኑ በቦንድ የተከፈለ ነበር፤ ፈረንሳይ ግን ጥሬ ገንዘብ እንጂ ለዓመታት የሚቆይ ወረቀት አልፈለገችም። ቦንዶቹን በቅናሽ ተረክበው ገንዘቡን ያቀረቡት የለንደኑ ባሪንግና የአምስተርዳሙ ሆፕ ናቸው። በ1875 የብሪታንያ መንግሥት የግብጹን ገዥ (ኬዲቭ) የስዊዝ ቦይ አክሲዮኖች ለመግዛት 4 ሚሊዮን ፓውንድ በአስቸኳይ ሲያስፈልገው፣ ፓርላማው በዕረፍት ላይ ስለነበረ ገንዘቡን ያቀረበው የሮትሽልድ ቤት ነበር።

የስጋቱንም መጠን የምንማረው ከዚያው ከባሪንግ ታሪክ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ለአርጀንቲና ሥራዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ አንደርራይቲንግ ገባ፤ ይህም ማለት አክሲዮኑንና ቦንዱን ሕዝቡ ካልገዛው ራሱ ሊያስቀረው ቃል ገባ ማለት ነው። በተለይ የቦነስ አይረስ የውኃና የፍሳሽ ኩባንያ ወረቀት ገዢ አጣ፤ ባሪንግም ሊሸጥ የማይችል ሰነድ ታቅፎ ቀረ። በ1890 ከውድቀት የዳነው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ አስተባብሮ ባሰባሰበው፣ በመጨረሻ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በደረሰ የዋስትና ፈንድ ነው። በብዛት የሚነሣው በ1995 የደረሰው የመጨረሻ ውድቀቱ ነው፤ ያኔ በሲንጋፖር ቅርንጫፍ የነበረ አንድ ነጋዴ 827 ሚሊዮን ፓውንድ አክስሮ፣ ባንኩ ለሆላንዱ አይኤንጂ በአንድ ፓውንድ ተሸጧል። እኔ ግን ለመርቻንት ባንክ ሥራ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው የ1890ው ነው እላለሁ። የ1995ቱ የቁጥጥር ጉድለት ሲሆን፣ የ1890ው ከሥራው ባሕርይ የሚመጣ ነው፤ ድርጅትን መርጦ ከጎኑ የሚቆም ሁሉ የተሳሳተ ምርጫ ዋጋውን ይከፍላል።

አሁን ገንዘቡ ወደ ድርጅት የሚገባበትን መንገድ በቁጥር ልመልከት። የማሸጊያ ካርቶን የሚያመርት የቤተሰብ ድርጅት በዓመት 20 ሚሊዮን የሥራ ትርፍ ያገኛል፤ ዕዳ የለበትም፤ ለአዲስ የማምረቻ መስመር 60 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። ሙሉውን በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ በአምስት ዓመት በእኩል ዓመታዊ ክፍያ ቢመልስ፣ በየዓመቱ የሚከፍለው 17.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከቀረው 2.1 ሚሊዮን ላይ ግብርና የማሽን ጥገና ሲቀነስ፣ ለጥሬ ዕቃ መግዣ እንኳ የሚተርፍ የለም። አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያውን በሁለት ወር ቢያዘገይ ድርጅቱ ዕዳውን በወቅቱ መክፈል ያቅተዋል፤ ምርቱ ጥሩ፣ ገበያውም የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

መርቻንት ባንኩ ድርጅቱን በዓመታዊ ትርፉ አምስት እጥፍ፣ ማለትም በ100 ሚሊዮን ይገምተዋል እንበል። ከዚያም 40 ሚሊዮን በአዲስ አክሲዮን፣ ቀሪውን 20 ሚሊዮን ደግሞ በሜዛኒን ብድር ያስገባል። ሜዛኒን በብድርና በአክሲዮን መካከል ያለ ገንዘብ ነው፤ ከመደበኛ ባንክ ብድር በኋላ፣ ከባለአክሲዮኖች በፊት የሚከፈል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ መያዣ ስለሌለው ወለዱ ከፍ ይላል። እዚህ 18 በመቶ ቢሆን ዓመታዊ ወለዱ 3.6 ሚሊዮን ነው፤ ዋናው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ይመለሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ከድርጅቱ የሚወጣው ከ17.9 ሚሊዮን ወደ 3.6 ሚሊዮን ወረደ። በምትኩ ከ140 ሚሊዮኑ ውስጥ 40ው የባንኩ ስለሆነ፣ ባለቤቶቹ 28.6 በመቶ የሚሆነውን የድርጅታቸውን ድርሻ ሰጥተዋል። አክሲዮኑ አዲስ የወጣ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ እንጂ ወደ ባለቤቱ ኪስ አይገባም፤ ባለቤቱ የራሱን ነባር አክሲዮን ቢሸጥ ኖሮ የማምረቻ መስመሩ አንድም ነገር አያገኝም ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ትርፉ 60 ሚሊዮን ደርሶ ድርጅቱ በዚያው በአምስት እጥፍ ስሌት በ300 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ የሜዛኒኑ 20 ሚሊዮን ተከፍሎ 280 ሚሊዮን ይቀራል። የባንኩ ድርሻ 80 ሚሊዮን፣ የባለቤቶቹ 200 ሚሊዮን ይሆናል። የሁለቱም ገንዘብ እጥፍ ሆኗል። ይሁንና እጥፍ መሆን በአምስት ዓመት ሲሰላ በዓመት 15 በመቶ ገደማ ነው፤ መያዣ ይዞ የሚያበድረው ባንክ ባነሰ ስጋት ከሚያገኘው ጋር እኩል ማለት ነው። መርቻንት ባንኩ መጀመሪያ ላይ በድርጅቱ ግምት ላይ አጥብቆ የሚከራከረው ለዚህ ነው። ግምቱ ከ100 ወደ 80 ሚሊዮን ቢወርድ ድርሻው አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ በመጨረሻም 93.3 ሚሊዮን ያገኛል። የድርጅት ባለቤት ይህን ክርክር እንደ ንቀት ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሊያየው ይገባል።

ከግምቱ በፊት የሚመጣው ጥልቅ ማጣራት ነው፤ ብዙ ስምምነት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። አጣሪዎቹ የሽያጭ መዝገቡን ከባንክ መግለጫና ለግብር ሰብሳቢው ከቀረበው ሰነድ ጋር ያመሳክራሉ፤ ያልተሰበሰበ ዱቤ ከ30፣ ከ60 እና ከ90 ቀን በላይ የቆየውን ለይተው ይዘረዝራሉ፤ ከሽያጩ ምን ያህሉ ከአንድ ደንበኛ እንደሚመጣ ያያሉ። ልምድ ያለው አጣሪ የማይዘላት አንዲት ምርመራ አለች። የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሳምንት የተቆረጡ ደረሰኞችን ያወጣና፣ በሚቀጥለው ወር ከተመለሱ ዕቃዎች ሰነድ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በመጨረሻው ሳምንት «የተሸጠ» ካርቶን ተመልሶ መጋዘን ከገባ፣ ትርፉ ተውቦ የቀረበ ነው። በዚህ የተነሣ ትርፉ በ2 ሚሊዮን ቢቀነስ፣ በአምስት እጥፍ ስሌት የድርጅቱ ዋጋ በ10 ሚሊዮን ይወርዳል። ከዚህ የከፋው ግን የጠፋው እምነት ነው፤ ስሙን አስይዞ የሚሠራ ባንክ መዝገቡ አንዴ የዋሸውን ድርጅት ለሌሎች ባለሀብቶች ይዞ መቅረብ አይችልም። ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው ድርጅቶች በዚህ ደረጃ የሚቸገሩት ባብዛኛው በማጭበርበር ሳይሆን የቤተሰቡን ወጪና የድርጅቱን ወጪ በአንድ ሒሳብ በመያዛቸው ነው፤ ይህን ገንዘብ ከመፈለጋቸው ሁለት ዓመት በፊት ቢለዩት ብዙ ይጠቅማቸዋል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ባንኩ በዳይሬክተሮች ቦርድ ወንበር ይይዛል፤ ወርሃዊ ሪፖርት ይቀበላል፤ አዲስ ዕዳ ለመግባት፣ ንብረት ለመሸጥ ወይም ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመቀየር የእርሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ለብዙ መሥራቾች ከባድ ነው። ነገር ግን ጥሩ መርቻንት ባንክ በቦርዱ ላይ የሚያመጣው ነገር አንዳንዴ ከገንዘቡ ይበልጣል፤ የተሻለ የፋይናንስ ኃላፊ ያገናኛል፣ ከጥሬ ዕቃ አቅራቢ ጋር የተሻለ ውል ያደራድራል፣ የቀረውን ገንዘብ የሚያበድሩ ባንኮችን ያስተባብራል። ገንዘብ ብቻ ይዞ የመጣ ባለድርሻ የሚያስከፍለው ከሚሰጠው በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ክፍተት ችግር አዲስ አይደለም። በብሪታንያ የማክሚላን ኮሚቴ በ1931 ባወጣው ሪፖርት፣ ትናንሽና መካከለኛ ድርጅቶች የረጅም ጊዜ ካፒታል የሚያገኙበት መንገድ እንደሌላቸው አመልክቶ ነበር፤ ለባንክ ብድር ጥያቄያቸው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፣ ለአክሲዮን ገበያው ደግሞ ያንሳል። በ1945 የእንግሊዝ ባንክና ትልልቆቹ ንግድ ባንኮች ይህን ለመሙላት ከ5,000 እስከ 200,000 ፓውንድ የሚያቀርብ አንድ ኮርፖሬሽን አቋቋሙ፤ እርሱም ዛሬ ስሪ አይ ተብሎ ይታወቃል። በአሜሪካ በ1946 በጆርጅ ዶሪዮ መሪነት የተነሣው፣ ለአዳዲስ ድርጅቶች ካፒታል የሚያቀርበው ኤአርዲ በ1957 ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት 70,000 ዶላር አስገብቶ 70 በመቶ ድርሻ ወስዷል። ያ ኩባንያ በኋላ ከዓለም ታላላቅ የኮምፒውተር አምራቾች አንዱ ሆኗል። ለመሥራቾቹ 30 በመቶ ብቻ መቅረቱ ግን ሌላ ገንዘብ በሌለበት የሚገባ ባለሀብት ምን ያህል ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል።

የድርጅት ባለቤቶች ባብዛኛው የሚከራከሩት በመቶኛው ላይ ነው፤ እኔ ግን የውሉ የኋላ ገጾች ከመቶኛው በላይ ይወስናሉ እላለሁ። በምሳሌያችን ድርጅቱ ሳይሳካለት ቀርቶ በ70 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ ሜዛኒኑ ተከፍሎ 50 ሚሊዮን ይቀራል። በተራ አክሲዮን ስሌት ባንኩ 14.3፣ ባለቤቶቹ 35.7 ሚሊዮን ይወስዳሉ። ባንኩ የቅድሚያ መብት ካለው ግን መጀመሪያ 40 ሚሊዮኑን ያነሣል፤ ለባለቤቶቹ 10 ሚሊዮን ይቀራል። ይህ በራሱ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የገባ ገንዘብ ቀድሞ እንዲወጣ መጠየቅ የተለመደ ነው። አደገኛው ባንኩ ቅድሚያውን ወስዶ በተጨማሪ ከቀሪው ድርሻውን እንዲካፈል የሚፈቅደው አንቀጽ ነው። በመልካሙ ጊዜ እንኳ፣ 280 ሚሊዮኑ ሲከፋፈል፣ ባንኩ 40 ካነሣ በኋላ ከ240ው 28.6 በመቶ ስለሚጨምር 108.6 ሚሊዮን ይደርሰዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከባለቤቶቹ 28.6 ሚሊዮን ወሰደች፤ በመቶኛው ላይ የተደረገው ድርድር ሁሉ ይህን ያህል አያመጣም።

መርቻንት ባንክ የሚገባው ለመውጣት ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚወጣው ድርጅቱን ለትልቅ ኩባንያ በመሸጥ፣ አክሲዮኑን ለሕዝብ በማቅረብ፣ ድርሻውን ለሌላ ባለሀብት በማስተላለፍ፣ ወይም ለራሳቸው ለባለቤቶቹ መልሶ በመሸጥ ነው። የመጨረሻው ባለቤቶቹ በፈለጉ ጊዜ ከሆነ መልካም ነው፤ ግዴታ ሆኖ ሲጻፍ ግን የነገሩ ባሕርይ ይለወጣል። ባንኩ በአምስተኛው ዓመት ድርጅቱ አክሲዮኑን በዓመት 20 በመቶ ትርፍ እንዲገዛው የማስገደድ መብት ካለው፣ 40 ሚሊዮኑ 99.5 ሚሊዮን ሆኖ ይመጣል፤ የሜዛኒኑ 20 ሚሊዮንም የሚደርሰው በዚያው ዓመት ነው። ድርሻ ተብሎ የገባው ገንዘብ ከመደበኛው ብድር የከበደ ዕዳ ሆነ፤ መክፈያ ቀኑም በአንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ይህ አንቀጽ የግድ ከሆነ ባለቤቶቹ ሦስት ነገር ሊያስገቡበት ይገባል፦ ዋጋው በገለልተኛ ገማች እንዲወሰን፣ ክፍያው ቢያንስ በሦስት ዓመት እንዲከፋፈል፣ መብቱም ድርጅቱን ለሌላ ለመሸጥ በቅን ልቦና ተሞክሮ ካልተሳካ በኋላ ብቻ እንዲሠራ። የሜዛኒኑ መክፈያም ከዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይሁን። ውሉን የሚያየው ጠበቃ ደግሞ ባንኩ የመረጠውና የሚከፍለው ሳይሆን የባለቤቶቹ የራሳቸው ይሁን።